ማሕሙድ ዓብዱራኡፍ፦ ቆሞ ዱዓ ያደረገው ተጫዋች



ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዐስር ሰላት በኋላ በጉና ብርድ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ልጆቻችን ከፍታውን ልብ አይሉትም፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ገና ሁለት ዙር ሳይሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። አሜሪካ ውስጥም እንዲሁ በከፍታዋ የምትታወቅ የቅርጫት ኳስ ከተማ አለች፤ ዴንቨር ትባላለች። ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም እንግዳ ቡድኖች አየሯን ይፈሩታል። የዛሬው ታሪካችን የዚያች ከተማ ጋርድ ስለነበረው ማሕሙድ ዓብዱራኡፍ ነው።

ብዙዎቻችን ስለ እሱ የሰማነው ባጭሩ ነው፦ «ለአሜሪካ መዝሙር አልቆምም ብሎ ከኤንቢኤ ተባረረ።» ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ያልተወራው ግማሽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማሕሙድ በ1969 ሚሲሲፒ ግዛት፣ ጋልፍፖርት ከተማ ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ክሪስ ጃክሰን ነው። በድህነት ያሳደገችው እናቱ ብቻዋን ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ሳያዘው ይወራጭ፣ ሳይፈልግ ድምፅ ያወጣ ነበር። ቱሬት ሲንድረም የሚባል የነርቭ ሕመም መሆኑ የታወቀው 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሕመሙ አንድን ነገር «ልክ እስኪሆን» ድረስ እንዲደጋግም ያስገድደዋል። የጫማውን ክር እየፈታ መልሶ ያስራል። ኳሷም ብረቱን ሳትነካ መረቡን ብቻ አቋርጣ፣ ያንኑ ድምፅ ደጋግማ እስክታሰማው ድረስ ከሜዳ አይወጣም። ሰው ትጋት የሚለው ነገር ለእሱ እረፍት የሚነሳ ግዴታ ነበር። አላህ ግን ከዚያ ፈተና ውስጥ ጥበብ አወጣለት።

በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ በጨዋታ 30.2 ነጥብ አስቆጠረ። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ክብረ ወሰን ነበር። በ1990 ዴንቨር ናጌትስ በሦስተኛ ምርጫ ወሰደው። ቁመቱ 1.85 ሜትር ነው፤ በእነዚያ ግዙፎች መካከል ትንሽ ልጅ ይመስላል። ከሜዳ ውጪ ዝምተኛ ነው፤ ሜዳ ውስጥ ግን እሳት!

የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኙ ዴል ብራውን የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሰጥቶት ነበር። ንባቡ ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄው ወደ ቁርኣን አደረሰው። በ1991 ሰለመ። በ1993 ስሙን ለወጠ፦ ማሕሙድ፣ «የተመሰገነ»፤ ዓብዱራኡፍ፣ «የርኅሩኁ ጌታ ባሪያ»።

ከሰለመ በኋላ ብቃቱ አልወረደም፤ እንዲያውም ጨመረ። በ1993 ከሁሉ የበለጠ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። በ1993–94 ውድድር ዘመን ከ229 ነጻ ውርወራዎች 219ኙን አስገባ። በታኅሣሥ 1995 በዩታ ጃዝ ላይ 51 ነጥብ አስቆጠረ። በየካቲት 4፣ 1996፣ በረመዳን ወር ውስጥ፣ የማይክል ጆርዳን ቺካጎ ቡልስ ዴንቨር መጣ። በዚያ ዓመት 72 አሸንፎ 10 ብቻ የተሸነፈው ቡድን ነው። ማሕሙድ 32 ነጥብ አስቆጥሮ ከ10ሩ ሽንፈት አንዱን አቀመሰው።

ከወር በኋላ ነገሩ ፈነዳ። ማሕሙድ ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ለወራት ያህል ወይ መልበሻ ክፍል ይቆያል፣ ወይ ይቀመጣል፣ ወይ ሰውነቱን ያፍታታል። ካሜራ አልጠራም፤ መግለጫ አልሰጠም። ጋዜጠኞች አስተውለው ሲጠይቁት ግን አልዋሸም። ባንዲራው ለብዙ ሰዎች የጭቆና ምልክት መሆኑን፣ ለአላህም ለጭቆናም በአንድ ጊዜ መቆም እንደማይችል ተናገረ። መጋቢት 12 ቀን ኤንቢኤ ያለ ክፍያ አገደው። የአንድ ጨዋታ ቅጣቱ 31,707 ዶላር ነበር። የዛቻ መልእክት ጎረፈ። የሬዲዮ ሠራተኞች ዴንቨር ውስጥ ካለ መስጊድ ገብተው መዝሙሩን በጡሩምባ እስከመንፋት ደረሱ።

ሙስሊሞችም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። በዘመኑ ታላቁ ሙስሊም ተጫዋች ሐኪም ኦላጁዋን፣ ሙስሊም የሚኖርበትን አገር ማክበር አለበት ብሎ በአደባባይ ተቃወመው። ሁለቱም የሚሰግዱ፣ ሁለቱም ሐቀኛ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በአንድ ጉዳይ ስንለያይ ወዲያው «ሙናፊቅ» መባባል ለሚቀናን ለእኛ ይህ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ቀሪው ግማሽ እንምጣ። እገዳው አንድ ጨዋታ ብቻ ቆየ። ማሕሙድ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች አማከረ። መጋቢት 14፣ 27 ዓመት ከሞላው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ውሳኔውን አሳወቀ፦ እቆማለሁ፤ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ ዘርና ሃይማኖት ሳልለይ ለሚሠቃዩ ሁሉ ዱዓ አደርጋለሁ። በማግስቱ ቺካጎ ላይ ሕዝቡ እየጮኸበት እጆቹን ወደ ፊቱ ዘርግቶ ዱዓ አደረገ።

ታዲያ ተሸነፈ? እኛ እንዲህ አናየውም። ስለ ጭቆና የተናገረውን አልሻረም። የማይለቀው ነገር እምነቱ እንደሆነ ለየ፤ መቀመጡ ግን መንገድ ብቻ ነበር። የተሻለ መንገድ ሲያገኝ ለውጠው። ያም ሆኖ ዋጋውን ከመክፈል አልዳነም። በዚያው ክረምት ወደ ሳክራሜንቶ ተሸጠ። የመሰለፊያ ጊዜው እያጠረ ሄዶ በ1998፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ ከኤንቢኤ ወጣ። በ2000 ለአንድ ውድድር ዘመን ወደ ቫንኩቨር ተመልሶ ከዚያ በኋላ አልተጠራም። ሚሲሲፒ ያለው ቤቱ ላይ የጥላቻ ምልክት ተጻፈበት፤ በ2001ም ተቃጠለ።

የእኛም ደጋ ይህን ዓይነት ዋጋ ያውቃል። በጎንደር ምድር ሙስሊም አባቶቻችን የርስት መሬት ባልነበራቸው ዘመን በሽመናና በንግድ አደሩ። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሹመት የነበራቸው ሙስሊሞች ከሃይማኖታቸውና ከሹመታቸው እንዲመርጡ ታዘዙ። አንዳንዱ እሺ አለ፣ አንዳንዱ ተሰደደ። መሬት የሌለው ሰው ሀብቱ እጁ ላይ ነው፤ ሙያውን ይዞ ይሄዳል።

ማሕሙድም እንዲሁ አደረገ። ቱርክ፣ ሩሲያ፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ጃፓን ተጫወተ። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላም ኪዮቶ ላይ ያስቆጥር ነበር። በ2016 ኮሊን ካፐርኒክ በመዝሙር ጊዜ ሲንበረከክ ዓለም የማሕሙድን ስም እንደገና አነሳ። በ2020 የቀድሞ ዩኒቨርሲቲው 35 ቁጥር መለያውን ለክብሩ ከአገልግሎት አወጣ።

ወንድምና እህቶቻችን! በሥራ፣ በትምህርት ቤት፣ በዶርም እንዲህ ያለ ፈተና ይገጥመናል። ያኔ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ኒያችን ለአላህ ነው ወይስ ለሰው ዓይን? የማንለቀው ነገር ራሱ ዲናችን ነው ወይስ የለመድነው መንገድ? ከእኛ የተሻለ የሚያውቅስ አማክረናል? እነዚህን የመለሰ ሰው ቢቀመጥም ቢቆምም አያፍርም። ሪዝቁም በአንድ ሊግ እጅ አይደለም።

አላህ ጽናቱንም ማስተዋሉንም ይስጠን። ወላሁ አዕለም።