ከግብር አዳራሽ እስከ ሥጋ ቤት

በአዲስ አበባ ዛሬ ሰው ወዳጁን ሊያከብር ሲሻ ስመ ጥር ወደ ሆነ ሥጋ ቤት ይወስደውና፥ ከተሰቀለው ሰንጋ ፊት ቆሞ፥ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሥጋ ቆራጭ «ከሻኛው ጨምርበት፥ ከዳቢቱም አውጣልኝ» እያለ በጣቱ ያመለክተዋል። ይህን ልማድ ከተማ ያመጣው አዲስ ምቾት ነው የሚል ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የአበውን የማዕድ ሥርዓት ጥቂት ለመረመረ፥ የብልቱ ምርጫም ሆነ የቢላዋው አያያዝ ከቤተ መንግሥት ግብር የተወረሰ መሆኑ አይሰወረውም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ግብር በሚበላበት ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመጋረጃ ተከልለው ከተመገቡ በኋላ መጋረጃው ይገለጥና፥ መሳፍንቱና መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው፥ ከእነርሱም ኋላ ሠራዊቱ ተራ በተራ እየገባ ይቀመጥ ነበር። ወጡ ተበልቶ ሲያበቃ አሳላፊዎች ብርንዶውን በእንጨት አንጠልጥለው በተመጋቢው መካከል ያዞሩታል፤ ባለ ተራውም በገዛ ቢላዋው የወደደውን ጎምዶ ያነሣና፥ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፥ ስለቱን ከታች ወደ ላይ በአፍንጫው አጠገብ እየሳበ ይቆርጠዋል፤ ከንፈርን ሳይነኩ እንዲህ መቁረጥ ከልጅነት የሚለመድ ጥበብ ነበር። ሻኛው፥ ሽንጡ፥ ጎድኑ፥ ፍሪምባው ለማን እንደሚገባ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበርና፥ ይህን የሚለየው ብልት አዋቂ ቢሳሳት፥ ድርሻው የተለወጠበት ሹም የተነፈገው ሥጋ ሳይሆን ክብር ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ጽፈው ባያቈዩልን ኖሮ፥ ከዚህ ዕውቀት ብዙው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ያ ማዕድ ዋጋ አልነበረውም። እህል መሸጥ ለጨዋ ሰው ነውር ሆኖ ይታይ ስለ ነበር፥ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፥ መኳንንቱ በልቶ መክፈልን እስኪለምዱ ድረስ ምኒልክ ራሳቸው እየከፈሉ ይጋብዟቸው እንደ ነበር ይነገራል። ይህን በሰማሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዳራሻቸው ወጥተው ሒሳብ በሚከፈልበት ቤት እንኳ ጋባዥነታቸውን አልተዉምና።

ከዚያ ወዲህ ሉካንዳ መጣ። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ በአገሩ የእንግዳ ማደሪያ ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ የሥጋ መሸጫ ስም ሆኖ ቀረ። በ1949 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቄራ ተቋቋመ፤ በሉካንዳውም ሚዛን በማዕረግ ፈንታ ተተከለ፤ የከፈለ ሁሉ ሻኛውን ይወስዳል። ቀኑን ግን እስከ ዛሬ የምትመራው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን ብዙው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋና፥ በትንሣኤ ማግስት ደጁ በሰው ይጨናነቃል።

ገንዘብ ማዕረግን ቢተካም ጋባዥነትን አልሻረም። ቁርጡ በትሪ ቀርቦ አዋዜውና ሚጥሚጣው ሲከተል፥ የመጀመሪያውን ጮማ ጋባዡ በእጁ ለእንግዳው ያጎርሰዋል፤ ሒሳብ ሲመጣም ወዳጆች «በሞቴ፥ የዛሬው የእኔ ነው» እየተባባሉ ይታገላሉ። የሚያሳዝነኝ፥ በግብሩ ጊዜ ተራው ወታደር እስከ መጨረሻው ተራ ድረስ ተጠብቆለት ይበላ የነበረ ሲሆን፥ ዛሬ ከታወቁት ሥጋ ቤቶች ደጅ በዋጋው ምክንያት የሚመለሰው ሰው መብዛቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ወደነዚህ ቤቶች ስትገባ «ጥሩውን ስጠኝ» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ ሽማግሌውን ቆራጭ እያንዳንዱን ብልት በስሙ እንዲያሳይህ ለምነው፤ የቤተ መንግሥቱ ብልት አዋቂ ዕውቀት ዛሬ በሕይወት ያለው ከእርሱ ዘንድ ነውና።