ስለ ኬላ፤ ስለ ስካርና ስለ መንገደኛ ነጻነት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የደጋውን ሜዳ ሲጨርስ መሬቱ ከእግሩ ሥር እንደ ተቈረጠ ያህል ድንገት ያዘቀዝቅና ቈላው ከሩቅ ይታየዋል። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ጎረቤላ የምትገኘው በዚሁ አገር ነው። የነገሥታቱ ግቢ የነበረበት ኮረብታ ቅርቧ ነው፤ ከዚያም መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል። ጉም ሲወርድ ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት ማየት ያስቸግራል። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ የሰከረ ሰው መሪ ቢጨብጥ ምን እንደሚያስከትል ለጎረቤላ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ፖሊስ ከመንገድ ዳር ቆሞ ምንም ጥፋት ያልታየበትን ነጂ ሁሉ እያስቆመ ትንፋሹን ሊመረምር ይገባዋልን? አንዱ ወገን «ሕይወት ይቅደም» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ያላጠፋ ሰው ስለ ምን ይቆማል? ዛሬ ለስካር የተዘረጋ ገመድ ነገ ለሌላ ጉዳይ ይዘረጋል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለበት። ስለዚህ ለመፍረድ ከመቸኰላችን በፊት የኬላን ታሪክ ጥቂት እንመልከት። ለዚህም ከአንኮበር የተሻለ ስፍራ አይገኝም፤ ስሙ ራሱ በር ነውና። የአገሩ አፈ ታሪክ እንደሚለው አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት በዚያ ትኖር ስለ ነበር ቦታው የአንኮ በር ተባለ።

እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነበሩበት ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚመጣ ነጋዴ ወደ አንኮበር የሚወጣው በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ነበር። ያንን በር የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። የመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፤ ምን እንደ ጫነ፤ የማን ሰው እንደ ሆነ ሳይታወቅና የንጉሡ ፈቃድ ሳይደርስ ወደ ላይ አይወጣም። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ሻምበል ሐሪስ ራሱ ከዚያው ቆላ ላይ ፈቃድ እየጠበቀ ቆይቷል። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ውል በተዋዋሉ ጊዜም፤ ሐሪስ እንደ ጻፈው፤ ከውሉ ፍሬ ነገሮች አንዱ በመንግሥቱ ውስጥና ከመንግሥቱ ውጭ በሚደረግ ጉዞ ላይ የነበረው የቅጣት ክልከላ እንዲነሣ ነበር። አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ እንዳይወጣ የሚያደርግ አሮጌ ልማድ ነበረና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ያ ኬላ የሚጠይቀውን ልብ ይበሉ። «ማን ነህ? ምን ይዘሃል? ማን ፈቀደልህ?» ይላል። «ሰክረሃልን?» የሚል ጥያቄ ግን በዚያ በር ላይ ቦታ አልነበረውም። በሩ የቆመው ለንጉሡ ግምጃ ቤትና ለንጉሡ ሥልጣን እንጂ ለመንገደኛው ደኅንነት አልነበረም። መጠጡም ቢሆን የሚታዘዘው በዚሁ ሐሳብ ነበር። ጠላ የሁሉ ነው፤ ጠጅ መጣል ግን የንጉሡና ንጉሡ የፈቀዱላቸው ሰዎች መብት ነበር። ይህም ክልከላ ማዕረግን ለመለየት እንጂ ስካርን ለመከልከል የተደረገ አልነበረም።

የዚያን ዘመን ሰዎች ስለ መንገድ ስካር ሳይደነግጉ በመቅረታቸው ልንወቅሳቸው አይገባም። ከግብር ወጥቶ በበቅሎ የሚሄድ መኰንን ቢሰክር በቅሎዋ አልሰከረችም። ገደሉን ታውቃለች፤ አፋፉ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢወድቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው እሱ ብቻ ነው። አሽከሮቹም ግራና ቀኝ ይደግፉታል። መኪና በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ተለወጠ። ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦንና አዲስ አበባን ዋና ከተማ ያደረጉት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ እየነዳ ያመጣውን አውቶሞቢል ተቀበሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአገራችን መንገድ ላይ የራሱ ዐይንና የራሱ ፍርሃት የሌለው ተሽከርካሪ መሄድ ጀመረ። መኪና ያለው አእምሮ የነጂው አእምሮ ብቻ ነው፤ ነጂው ከሰከረ መኪናውም ሰከረ ማለት ነው። የሚጐዳውም ነጂው ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የተቀመጠው ተሳፋሪና ከገበያ የሚመለሰው እግረኛ ጭምር ነው።

ሕጋችን ይህን ለውጥ በየደረጃው ተከትሎታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ50ኛው አንቀጽ፤ ሰው ወንጀል ለመሥራት ሲል ሆን ብሎ ቢሰክር ስካሩን ማመካኛ ሊያደርገው እንደማይችል ደነገገ። አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው በገዛ ጥፋቱ የሰከረም በቸልተኝነት ይጠየቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን መሠረት ይዞ ቀጠለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ደግሞ የመጠጡን ወሰን በቍጥር አስቀመጠ፤ ይኸውም በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነው። ቍጥሩ ትልቅ ነገር ነው። ቍጥር ከመጻፉ በፊት ሰካራሙን የሚለየው የፖሊሱ አፍንጫ ነበር፤ አፍንጫ ደግሞ ለወዳጅና ለጠላት እኩል አይፈርድም።

ስለ ነጻነት የተጻፈውም ሕግ ከዚህ ጋር አብሮ አደገ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአገር ውስጥ መዘዋወርን በሕግ መሠረት ፈቀደ፤ ሕገ ወጥ ፍተሻንም ከለከለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ፤ ሕግ ከፈቀደው በቀር ማንም ሰው ነጻነቱ ሊቀነስበት ወይም ሊበረበር እንደማይገባው ያዛል። በ20ኛው አንቀጽ ሰው ሰውነቱን በሐኪም አልመረመርም ለማለት እንደሚችል ይናገራል፤ በሌላ አንቀጽ ግን ከባድ አደጋ የማያመጣውን ምርመራ እምቢ ቢል፤ ምርመራው ሊገልጸው የነበረውን ነገር ፍርድ ቤት እንደ ተረጋገጠ ሊቈጥረው እንደሚችል ይጨምራል። የእነዚህን ሁለት አንቀጾች ጥበብ ተመልከቱ። ሰውን በጕልበት ይዞ መመርመርን አላዘዙም፤ ነገር ግን እምቢታ መደበቂያ ዋሻ እንዲሆንም አልፈቀዱም። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በ26ኛውና በ32ኛው አንቀጾች የሰውነትን ከፍተሻ መጠበቅና የመዘዋወርን መብት ካጸና በኋላ፤ ፍተሻን በሚመለከተው ክፍል ወንጀልን ለመከላከልና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በተለይ በወጣ ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይገልጻል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ኖርዌይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 የመጠጥን ወሰን በቍጥር ደነገገች። እንግሊዝ በ1967 የእኛን የሚመስል ወሰን ባወጣችበት ጊዜ፤ መጀመሪያ ማንኛውንም ነጂ እያስቆሙ ለመመርመር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ነጻነት ብዙ ተቃውሞ በመነሣቱ ያ ሐሳብ ቀረና ፖሊሱ ለመመርመር ምክንያት እንዲኖረው ተወሰነ። በአሜሪካ ሚሺጋን ደግሞ በአንድ ሌሊት 126 መኪናዎች ቆመው እያንዳንዱ በአማካይ 25 ሴኮንድ ያህል ሲዘገይ፤ ስለ ስካር የተያዙት 2 ነጂዎች ነበሩ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1990 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር 6 ዳኞች ኬላው ይገባል፤ 3 ዳኞች አይገባም አሉ። ከ3 ዓመት በኋላ ግን የሚሺጋን ክፍለ ሀገር የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በገዛ ሕገ መንግሥቱ መሠረት ከለከለው። እንግዲህ በሕግ ትምህርት ያረጁ ዳኞች እንኳ የተለያዩበትን ነገር የሚጠራጠር ሰው «ለሰካራም ያደላል» ተብሎ ሊሰደብ አይገባውም።

በተለይ እኛ ለመጠራጠር ምክንያት አለን። በደርግ ዘመን ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። የታመመች እናቱን ለማየት የሚሄድ ሰው በኬላ ገመድ ፊት ቆሞ ወረቀቱን ሲዘረጋ፤ የሚመለስለት ጥያቄ ያው የፋሬ ጥያቄ ነበር፤ «ማን ፈቀደልህ?» የሚል። ስለዚህ ኬላ ሲባል ሰውነቱ የሚሸማቀቅ ሰው ቢኖር ፈሪ አይባልም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሌላ ዐይነት ማስቆሚያም ነበራቸው። «በሕግ አምላክ!» የሚለው ቃል ነው። ድሀ ባለጠጋውን፤ መንገደኛ ጌታውን በዚህ ቃል ያስቆም ነበር። ቃሉን የሰማ ሰው ይቆማል፤ የሚቆመውም ካስቆመው ሰው ስለሚያንስ ሳይሆን ሁለቱም ከሕግ በታች ስለ ሆኑ ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ የክርክሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። መቆም ብቻውን ነጻነትን አይነካም፤ ነጻነትን የሚነካው በሰው ፈቃድ መቆም ነው። ስካርን ለመመርመር የሚቆም ኬላ የፋሬን በር ከመሰለ ልንቃወመው ይገባል፤ «በሕግ አምላክ»ን ከመሰለ ግን ልንቆምለት ይገባል።

ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። የሕግ ኬላ ሥልጣኑን ከተጻፈ ሕግ ያገኛል። የሚያስቆመው በተራ ነው፤ ሁሉን ወይም ሦስተኛውን መኪና እያለ በታወቀ ሥርዓት እንጂ የነጂውን መልክ አይቶ አይደለም። የባለ ሥልጣኑም መኪና እንደ ጭነት መኪናው ይቆማል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ከስካር ሌላ ስለ ዘር፤ ስለ ሐሳብ፤ ስለ መንገዱ ዓላማ አይጠይቅም። የሚመሰክረው መሣሪያ ነው፤ ነጂውም ቍጥሩን በዐይኑ ያያል። ከወሰኑ ያልደረሰው ያለ አንዳች ክፍያ ወዲያው ይሄዳል፤ ያለፈው ደግሞ ጉዳዩ በጽሑፍ ይያዛል እንጂ ከመስኮት ሥር በሹክሹክታ አይጨረስም። ከእነዚህ አንዱ የጐደለበት ኬላ ሰካራሙን በገንዘቡ ያሳልፍና ጨዋውን ያጕላላል።

በነጂው በኩል ደግሞ «ሰውነቴ የራሴ ነው፤ ብጠጣ ምን አገባችሁ?» የሚለው ክርክር በቤቱ ውስጥ ይሠራል። መሪውን በጨበጠ ጊዜ ግን በእጁ ያለው የሌላ ሰውም ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት እግረኞች፤ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ሌሊት ከአልዩ አምባ ወደ ጎረቤላ በእግሩ የሚወጣ ገበሬም የመዘዋወር ነጻነት አለው። የእሱን ነጻነት የሚያስጠብቅለት ማን ነው? የይለፍ ወረቀት ባይጠየቅም እንኳ በሰካራም ነጂ ፍርሃት ከመንገድ የቀረ ሰው ታግዷል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ሕግ ሁሉን ቦታ አይደርስም፤ ኬላውም በየጠመዝማዛው አይቆምም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው መጠጥም በጨዋታ መካከል ነው የሚወስድ። ስለዚህ በሠርግም ሆነ በበዓል ቀን የጋበዘ ሰው ነጂ እንግዳውን «ጨምር» ብሎ ከሚያስጨንቅ መኝታ ቢያነጥፍለት ይሻላል። ረዳቱም ተሳፋሪውም ነጂው እንደ ጠጣ ባየ ጊዜ ዝም አይበል። መኪናው ገና ሳይነሣ ከደጃፉ ቆሞ «በሕግ አምላክ» ለማለት የፖሊስ ልብስ መልበስ አያስፈልግም።