የሰው ባሕርይ ጥናትና የሳይንስ ሚዛን፤ የዴቪድ ሂዩም ጉዳይ

ስለ ሰው ባሕርይ የሚደረግ ፍልስፍናዊ ጥናት ሳይንሳዊ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ሥነ ጽሑፍን ለምናጠናም የራሳችን ነው፤ በልቦለድና በግጥም ውስጥ የምንመረምረው ሰውን ነውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በስኮትላንዳዊው ፈላስፋ በዴቪድ ሂዩም ሥራ አማካይነት ለመመልከት እሞክራለሁ።

ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1740 በሦስት ጥራዞች ያሳተመው ስለ ሰው ባሕርይ የሚያትት መጽሐፍ፣ የሙከራን ዘዴ ወደ ሰው ጥናት ለማምጣት የተደረገ ጥረት መሆኑን በንዑስ ርእሱ ያስታውቃል። ደራሲው ግን ችግሩን አልሸሸገም። ሰው የራሱን ስሜት ሆን ብሎ ሊፈትን ሲነሣ ፈተናው ራሱ ስሜቱን ይለውጥበታል። ስለዚህ ማስረጃው ሰዎች በሥራቸው፣ በማኅበራቸውና በመዝናኛቸው ከሚያሳዩት ጠባይ በጥንቃቄ መለቀም አለበት አለ። በእኔ አስተያየት ይህ ሐሳብ ዛሬም ጽኑ ነው። የቤተ ሙከራ አለመኖር ብቻውን ጥናትን ከሳይንስ አያስወጣም፤ የሥነ ፈለክ ሊቅም ከዋክብትን አንቀሳቅሶ አይፈትንም።

ዋናው ፈተና የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሂዩም ስለ ብሔራት ጠባይ በ1748 ባሳተመው መጣጥፍ ላይ በ1753 የግርጌ ማስታወሻ ጨመረ። በዚህም ጥቁሮች፣ በጠቅላላውም ከነጭ ውጭ ያሉ የሰው ዘሮች፣ በተፈጥሯቸው የበታች እንደሚመስሉት፣ ከነጭ በቀር የሠለጠነ ሕዝብም እንዳልነበረ ጻፈ። በጃማይካ አንድ የተማረ ጥቁር ሰው አለ መባሉን ሲሰማ ሰውየውን ጥቂት ቃላት ከሚናገር በቀቀን ጋር አመሳስሎ አጣጣለው። ይህ ሰው በላቲን ግጥም የጻፈው ፍራንሲስ ዊሊያምስ እንደሆነ ይታመናል።

ተቃራኒ መረጃ አልጠፋም ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ እየተማረ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ስለ ግእዝ መጻሕፍት የጻፈው ሥራ በ1681 በላቲን፣ በ1682 ደግሞ ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ጄምስ ቢቲም በ1770 የፔሩንና የሜክሲኮን መንግሥታት ጠቅሶ ሂዩምን ሞገተው። ሂዩም ካረፈ በኋላ በ1777 በወጣው እትም ስለ ሌሎቹ ዘሮች የተባለው ተነሥቶ ስለ ጥቁሮች የተባለው ግን ቀረ።

ከዚህ የምንረዳው የሙከራን ዘዴ እከተላለሁ ማለት ብቻውን ጥናትን ሳይንሳዊ እንደማያደርገው ነው። ሚዛኑ የሚያርፈው ተቃራኒ ምስክር ሲቀርብ አጥኚው በሚያደርገው ላይ ነው። ዊሊያምስን በቀቀን ያለ ሰው ምስክሩን ሳይሰማ ፈረደ። እኛም ከአንድ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ተነሥተን ኢትዮጵያዊ እንዲህ ነው ስንል፣ ወይም ከሰምና ወርቅ ተነሥተን ሕዝቡ በባሕርዩ ድብቅ ነው ብለን ስንደመድም፣ ያንኑ መንገድ እንከተላለን። እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የሰው ባሕርይ ጥናት ሳይንሳዊ ሊሆን ይችላል፤ ድምዳሜውን የሚያፈርስበትን ማስረጃ አስቀድሞ ከተናገረና ያ ማስረጃ ሲመጣ በሩን ካልዘጋ።