የሐዲድ ደህንነትና የሕዝብ ማመላለሻ ባቡር ዕጣ

እንደሚታወቀው እኛ የሳሪስ አቦ ነዋሪዎች ከሐዲድ ጋር የምንኖር ሰዎች ነን። ቃሊቲ የሚያበቃው የከተማው ቀላል ባቡር በደጃችን ያልፋል። የድሮው የምድር ባቡርም ከለገሐር ተነሥቶ በአቃቂ በኩል ነበር ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው። ባቡር ሲሄድ የምንጠቀመው፣ ሲቆምም የምንቸገረው እኛው ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ባቡርን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚታዘዘው መሣሪያ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ካልተገኘስ የተራው ሰው ባቡር ይቁም ማለት ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ብዙ ውጣ ውረድ ካለፈ በኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሁለቱ ሐዲዶች ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። የሚሄደውም የሚመጣውም ባቡር በአንድ መስመር ስለሚጓዝ መተላለፍ የሚቻለው ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ደህንነት ማለት በጣቢያ ሹሙና በነጂው ጥንቃቄ ላይ ያረፈ ነገር ነው። አንዱ ከተዘናጋ ሌላ የሚከላከል አልነበረም።

የዚህን ውጤት በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አየነው። አዋሽ ከተማ አጠገብ፣ ገደል ላይ በተሠራ ድልድይ ኩርባ፣ ብዙ ሕዝብ የጫነ ፈጣን ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ተከሰከሱ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ የሚቆጠርም ቆሰለ። በጊዜው የተሰጠው ምክንያት ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። አገሩ በድርቅና በረሃብ በተመታበት በዚያ ዓመት፣ በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ተጨመረ። እኛ እድርተኞች አንድ ሰው ሲሞት ስንት ቤት እንደሚናጋ እናውቃለን። ያን የሚያህል ሬሳ በአንድ ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅተንም።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ሕግ የሚወጣው ከመቃብር በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ! በአየርላንድ አርማ በምትባል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1889 አንድ የሽርሽር ባቡር ዳገት አቅቶት፣ ከፊሉ ተቆርጦ ቁልቁል ተንሸራተተና ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጨ። 80 ሰው ያህል ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል ልጆችም ነበሩ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ፣ ፍሬኑ በሁሉም ፉርጎ ላይ የሚይዝ እንዲሆንና አንድ ባቡር ክፍሉን ለቅቆ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ አስገደደ።

ታዲያ ሕጉ መልካም ሆኖ ሳለ ወጪው ለገጠር መስመሮች ከበደ። በዚህን ጊዜ መስመሮቹን ከመዝጋት ይልቅ ሌላ ዘዴ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1896 በወጣው ሕግ መሠረት ቀለል ያሉ መስመሮች አንዳንድ ግዴታ እየቀረላቸው እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ በለውጡ ግን ፍጥነታቸው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይኸውም ትልቅ ብልሃት ነው። ውድ መሣሪያ መግዛት ያልቻለ ቀስ ብሎ ይሂድ ማለት ነው። የአዋሹም ኩርባ ቢሆን መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ የአሜሪካን ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ አንድ ነጂ በሞባይል መልእክት ሲጻጻፍ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ፤ ከጭነት ባቡር ጋር ተጋጭቶም 25 ሰው ሞተ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ሕግ ወጣ። የታዘዘው መሣሪያ ባቡሩ የት እንዳለ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድና ከፊቱ ያለው መንገድ ምን እንደሚፈቅድ ያውቃል። ነጂው መቀነስ ሲገባው ካልቀነሰ መሣሪያው ራሱ ፍሬን ይይዛል። ሥራው በ2015 ያልቃል ተብሎ በ2020 መጨረሻ ላይ ነው የተፈጸመው፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላርም ፈጀ። በመካከሉ፣ በ2018፣ በገጠር የሚያልፍ አንድ የረጅም ጉዞ ባቡር ከፊል መንገዱ በአውቶቡስ ይተካ የሚል ሐሳብ መጣ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ መሣሪያው በዚያ መንገድ ላይ አለመኖሩ ነበር። የየከተማው ሕዝብና የምክር ቤት አባሎቹ ተቃውመው ነው ባቡሩ የተረፈው።

ልብ በሉ! ለደህንነት ተብሎ ባቡር ሲቆም ተሳፋሪው ከቤቱ አይቀርም፤ መኪና ላይ ይወጣል። በአገራችን ደግሞ በመኪና አደጋ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደሚሞት የእድር መዝገባችን ሳይቀር ይመሰክራል። ስለዚህ ባቡሩን አቁሞ ሕዝቡን ወደ አስፋልት መግፋት ሞትን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

የእኛው የድሮ ባቡር ግን የቆመው እንዲህ ባለ የመሣሪያ ትእዛዝ አይደለም። ሐዲዱ አረጀ፣ ጥገናው ቀረ፣ ጉዞው እየሳሳ መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ተቋረጠ። በየትንሹ ጣቢያ እየቆመ ነጋዴውን ከነጓዙ ይጭን የነበረው ባቡር በዚሁ ቀረ። በምትኩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲስ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የሕዝብ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ ሲሆን፣ ከሰበታ እስከ አዳማም ሁለት መስመር አለው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ እሰየው ያሰኛል። ይሁንና ፍጥነቱ በጨመረ መጠን ጥንቃቄውም ይጨምራል። ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ እየገባ መገጨቱ በተደጋጋሚ የታየ ችግር ነው። ጣቢያዎቹም ከየከተማው መሐል ራቅ ያሉ በመሆናቸው ለአጭር መንገደኛ አይመቹም።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰፈራችን ቀላል ባቡርም የሚያስተምረን ነገር አለ። ለሁለቱ መስመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረትና በብልሽት መቆማቸው በይፋ ተነገረ። በጠዋት የሚጋፋው ሠራተኛ ይህን ያለ ሪፖርትም ያውቀዋል። ባቡር ሲያንስ ግፊያው ይበዛል፤ ግፊያውም ራሱ አደጋ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ደህንነት አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አለመሆኑን ነው። እንደ እድር መዋጮ በየወሩ የሚከፈል ነገር ነው። እኛ ሰው እስኪሞት ጠብቀን ድንኳን አንገዛም፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለን አስቀድመን እናዋጣለን። ለባቡርም የጥገናው፣ የመለዋወጫውና የነጂዎች ሥልጠናው ገንዘብ ከግዢው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ፈጣን ባቡርና ብዙ ሕዝብ ባለበት መስመር ቅድሚያ ያግኝ። አቅም በሌለበት መስመር ላይ ደግሞ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ሕዝቡን ማገልገሉን ይቀጥል እንጂ አይዘጋ።

በእኛ በኩልም ድርሻ አለን። አጥር ዘሎ መሻገር ይቅር፤ ልጆቻችን በተፈቀደው መሻገሪያ ብቻ እንዲያልፉ እንምከር። በየስብሰባውም የጣቢያና የመሻገሪያ ነገር ሲነሣ ዝም አንበል፤ ሕዝብ ያልጠየቀው ባቡር ሲቀር የሚያስታውሰው አይኖርም። እድራችን ቀባሪ ብቻ ሳይሆን ለኗሪውም ተቆርቋሪ ቢሆን መልካም ነው እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።