የከርሠ ምድር ፍርሃትና የሐይቅ ፍርድ
የሰው ልጅ የተፈጥሮን ምሥጢር ባልፈታበት ዘመን ከርሠ ምድርንና የውኃን ጥልቀት በመናፍስት ሞልቷቸዋል። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ሲያቀልጡት መርዛም ጢስ የሚወጣውን ድንጋይ በጉድጓድ የሚኖር ‹‹ኮቦልድ›› የተባለ እኩይ መንፈስ ሥራ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ ስዊድናዊው ኬሚስት ጌዎርግ ብራንት ከዚሁ ድንጋይ አዲስ ብረታ ብረት ለየ፤ ኮባልት የሚለው ስያሜም ከመንፈሱ ስም ተወረሰ። ጢሱ የአርሴኒክ እንጂ የጋኔን አልነበረም።

በአገራችን ግን ፍርሃቱ በሠራተኛው ላይ ዐረፈ። ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ ‹‹ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል›› ተባለ። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ እያረሰ ከማዕዱ አራቀው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ በቀላሉ አልተነቀለም።

የሐይቅ ሥነ ቃል የሚፈርደው በሌላ ሚዛን ነው። እንደሚተረከው አንዲት ልዕልት በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ፈጸመች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ውኃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ስትሰጥም የተበደለችው የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውም በዚሁ ሥፍራ ነው ይባላል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በአምባሰል ጎረቤት፣ በደላንታ ገደሎች፣ ኦፓል ይቆፈራል። በዚያ ወጣቱን የሚቀጥፈው ጋኔን ሳይሆን ያልተደገፈ የጉድጓድ ጣሪያ ነው። ስለዚህ ከአበው ትረካ ሊወረስ የሚገባው ለተበደለ የሚቆመው ፍርዱ እንጂ ፍርሃቱ አይደለም።