ባዶ የተባለው በርሜል

ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ በ1918 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ በማግሥቱም ዓመት ሀርትፎርድ በተባለው የእሳት መድን ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ተግባሩ ፋብሪካዎችንና መጋዘኖችን እየዞረ መመርመር፣ እሳትና ፍንዳታ የተነሣበትንም ምክንያት ማጥናት ነበር። እንደ ማንኛውም መሐንዲስ በመጀመሪያ የፈለገው የተበላሸ የኤሌክትሪክ መሥመርንና የአየር መተላለፊያ ጉድለትን የመሰለውን ነገር ነበር። ሪፖርቶቹ እየተከማቹ ሲሄዱ ግን ለአደጋው መነሻ የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ ለነገሩ የተሰጠው ስም እንደሆነ አስተዋለ።

በ1941 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ ከሰጣቸው ምሳሌዎች ይበልጥ የታወቀው የቤንዚን በርሜል ነው። ሠራተኞች ቤንዚን የተሞሉ በርሜሎች ባሉበት ሥፍራ እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ «ባዶ» የሚባሉት ወደተከማቹበት ሲሻገሩ ግን ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ቁራጩንም እዚያው ይጥላሉ። ዎርፍ የጥፋቱን ሥር ያገኘው «ኤምፕቲ» በሚለው ተራ የእንግሊዝኛ ቅጽል ላይ ነበር።

ይህ ቅጽል ረጅም ታሪክ አለው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኤሜቲግ» ይባል የነበረ ሲሆን የተገኘውም ዕረፍትና ፋታ ማለት ከሆነ ስም ነው። ስለዚህም ለዕቃና ለቤት ብቻ ሳይሆን ለሰውም ይነገር ነበር፤ ሥራ ያልያዘው፣ ትዳርም ያልያዘው ሰው «ኤሜቲግ» ነው። (አማርኛም «ሥራ ፈት»ንና ከባሏ የተለየችውን «ፈት» ከአንድ ግሥ ማውጣቱን ልብ ይሏል።) ዛሬ በመካከሉ የሚሰማው «ፕ» አንደበት ከ«ም» ወደ «ት» ሲያልፍ የበቀለ ድምፅ ነው እንጂ ከሥሩ የለበትም። በዘመናት ውስጥ ለሰው የሚነገረው ፍች ሲከስም የዕቃው ጸንቶ ቀረ፤ ከዚያም ወደ ረቂቁ ነገር ተሻግሮ ባዶ ቃል፣ ባዶ ዛቻ፣ ባዶ ተስፋ ይባል ጀመር።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንደኛው ፍቹ ቃሉ ዕቃው የተለመደ ይዘቱን እንደማይዝ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ትነትና ስለ ዝቃጭ አንዳች አይልም። በሁለተኛው ፍቹ ኃይል የሌለው፣ ከንቱ፣ የማይጎዳ ማለት ነው። መጋዘን ጠባቂው በአንደኛው ፍች ይጽፋል፤ አጫሹ በሁለተኛው ያነብባል።

ተፈጥሮ ደግሞ ለሁለቱም አትገዛም። የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው ከአየሩ መጠን በግምት ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ነው። በተሞላ በርሜል ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ጠባብ ክፍተት በአብዛኛው በትነት ስለሚጨናነቅ ለመቀጣጠል የሚበቃ አየር አያገኝም። ቤንዚኑ ሲቀዳ አየር ይገባል፤ በግድግዳው ላይ የቀረውም ይተናል። ይህም ትነት ከአየር የከበደ በመሆኑ በቀላሉ አይወጣም። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ ያለውን አየር ወደ ፈንጂነት ለመለወጥ ከግማሽ የቡና ሲኒ ያነሰ ቤንዚን ይበቃል።

የዎርፍ አተረጓጎም ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ኤሪክ ሌነበርግ በ1953 እንዳመለከተው፣ እንግሊዝኛ «በሚፈነዳ ትነት የተሞላ» ለማለት የሚያንሰው ቃል የለም፤ ስለዚህ የአጫሹ ጉድለት የዕውቀት ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ የቋንቋ አይደለም። ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ነው። ሆኖም ለአደጋ መከላከያ መሐንዲስ ሁለቱ ወገኖች የሚመስለውን ያህል አይራራቁም፤ ትነትን የማያውቅ ሠራተኛ የሚመራው በርሜሉ በተጠራበት ቃል ነውና።

ዕውቀት ባለበትም ቢሆን ባዶው ዕቃ አደገኛነቱ አልቀረም። ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሣው የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 747 አውሮፕላን በአየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ በ2000 ባወጡት ሪፖርት የፈነዳው የመካከለኛው ነዳጅ ጋን ነበር። ወደ 49 ሺሕ ሊትር የሚይዘው ይህ ጋን በዕለቱ የነበረበት 190 ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ሙቀት ቅሪቱን ወደ ትነት ለውጦታል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በእንዲህ ያሉ ጋኖች ውስጥ ያለው አየር እንዳይቀጣጠል የሚያስገድደውን ደንብ ያወጣው በ2008 ነው።

ቃሉን በሕግ ለመግራትም ተሞክሯል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ሳይጸዳ እንዳይበየድና እንዳይቆረጥ የሚከለክለውን በርሜል «ባዶ» ሳይሆን «ያገለገለ» ይለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ደንብ ደግሞ ቅጽሉን ብቻውን አይተወውም፤ በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ «ባዶ፣ ያልጸዳ» ወይም «የመጨረሻ ጭነቱ ቅሪት» ተብሎ እንዲገለጽ ያዛል። በአማርኛ ግን ለውኃ ማጠራቀሚያ ሊቆረጥ በግቢ ጥግ የቆመው የቤንዚን በርሜል ዛሬም የሚጠራው ባዶ በርሜል ተብሎ ነው።