«እርድ በወተት ሱና ነው» የሚለው መልእክት ከየት መጣ?



ካቻምና ክረምት እዚህ ሳንሱሲ ሰፈራችን ውስጥ አንድ መልእክት ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ትኩስ ወተት ውስጥ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬና ማር ጨምሮ ማታ ማታ መጠጣት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና እንደሆነ፣ ሳልን፣ ስኳርን፣ ካንሰርን ሳይቀር እንደሚያድን ይናገራል። መጨረሻው እንደተለመደው ነው፤ ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ አጅሩ ያመልጠዋል። የሰፈራችንን ብርድ የሚያውቅ ሰው መልእክቱ ለምን እንደተወደደ አይጠፋውም። ከሱብሒ ስትመለሱ ጉሙ መንገዱን ውጦት የመኪና መብራት ብቻ በሚታይበት ጠዋት ትኩስ ነገር የሚጠላ የለም። እናቴም ሞከረችው፣ ወደደችውም።

እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አብሮን ያደገ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከወር በላይ እየሳለ ይህንኑ ይጠጣ ነበር። ጤና ጣቢያ ሂድ ስንለው «የሱና መድኃኒት ይዤ ምን ያስኬደኛል?» ይለናል። ውሎ አድሮ የሌሊት ላብና ክሳት መጣ። ተመረመረ፣ ቲቢ ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ ትንሿ እህቱ አንድ ክፍል ውስጥ አብራው ትተኛ ነበር። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር እንዳለበት፣ የቲቢ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል። ያስቀረው «ሱና ነው» የሚለው ቃል ነው።

እና እውነት ሱና ነው? እስኪ በጽዋው ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ እንየው።

ወተትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይወዱ እንደነበር ጥርጥር የለውም። በኢስራእ ሌሊት ወተትና የወይን ጠጅ ቀርቦላቸው ወተቱን መምረጣቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የወተት ዱዓ እንኳ ከሌላው ምግብ ይለያል፤ ሌላ ስንበላ ከሱ የሚሻል እንለምናለን፣ ወተት ስንጠጣ ግን ከዚያው ከራሱ እንዲጨመርልን ነው የምንለምነው። ማር በሱረቱ ነሕል ተወስቷል። ዝንጅብልም በሱረቱል ኢንሳን የጀነት ሰዎች መጠጥ የሚቀላቀልበት ሆኖ በስሙ ተጠርቷል። እርድን በወተት ጠጥተዋል ወይም ጠጡ ብለዋል የሚል ሰሒሕ ሐዲስ ግን የለም።

ታዲያ ወሬው ከየት ተነሳ? ለኔ የሚመስለኝ ከ«ወርስ» ነው። በቲርሚዚ ስብስብ ውስጥ ከዘይድ ኢብን አርቀም (ረ.ዐ) በተላለፈ ዘገባ ለጎን ውጋት ዘይትና ወርስ ተወስተዋል። ወርስ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ እርድም ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ተርጓሚ «እርድ» ብሎት ያልፋል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ወርስ ከአንድ ቁጥቋጦ ፍሬ ላይ የሚራገፍ ቀላ ያለ ዱቄት ነው፤ እርድ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ነው። ደግሞ ወርስን ሩቅ አገር አትፈልጉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤደን ገበያ ላይ ይሸጥ የነበረው ወርስ ከየመን ተራሮች ብቻ ሳይሆን ከእኛው ከሐረር በኩልም ይሄድ ነበር።

የእርድ ስም በሐዲስ ዙሪያ ብቅ የሚልበት አንድ ቦታ አለ፤ ከመድኃኒት ጋር ግን አይገናኝም። በሰሒሕ ሙስሊም፣ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከደማስቆ በስተምሥራቅ ባለው ነጭ ሚናራ ዘንድ ሲወርዱ ሁለት «መህሩድ» ልብሶች እንደሚለብሱ ተዘግቧል። መህሩድ ማለት ቢጫ የተነከረ ማለት ነው። ሊቃውንቱ በወርስና በዘዕፈራን የተነከረ ነው ብለው ፈትተውታል። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ደግሞ ቃሉን «ሁርድ» ወደሚባል የማቅለሚያ ሥር ይመልሱታል፤ ሁርድ ከርከም ነው ያሉም አሉ። ከርከም ዛሬ በዐረብኛ የእርድ መጠሪያ ነው። ፈረንጆች ለእርድ የሰጡት የሳይንስ ስም «ኩርኩማ» የወጣውም ከዚሁ ቃል ነው።

ሁርድ! የመኖች እስከ ዛሬ እርድን በዚህ ስም ይጠሩታል። በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት «ሃሪድራ» ነው፤ ዛሬ በሂንዲ «ሃልዲ»። ሃሪድራ፣ ሁርድ፣ እርድ። በተርታ ስትጠሯቸው መንገዱ ራሱ ይታያችኋል፤ ከሕንድ የባሕር ዳርቻ ወደ የመን፣ ከየመን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደኛ ጓዳ። (ከዒዱ እርድ ጋር በፊደል መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን «ሁለቱም አልጫ ውስጥ ይገናኛሉ» ብሎኛል።)

አሁን ወደሚደንቀው ልምጣ። እርድ የሚበቅል ዘር አይሰጥም። የሚራባው ከሥሩ ተቆርጦ ሲተከል ብቻ ነው። የአንዳንዱን ተክል ዘር ወፍ ይዘራዋል፣ የሌላውን ነፋስ ያመጣዋል። እርድ ግን የሰው እጅ ካልያዘው አንድ እርምጃ አይሄድም። ዛሬ ቴፒ ወይም ሸኮ ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የምታዩት እያንዳንዱ የእርድ ተክል ትናንት አንድ ሰው በከረጢት ይዞት የመጣው ሥር ልጅ ነው።

የነማን እጅ? በደረቁ መልክ ቅመሙን ለዘመናት ያመላለሱት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። በደጋው የክርስቲያን መንግሥት ውስጥ ርስት የተነፈጉት ሙስሊሞች፣ ጀበርቲ የምንላቸው፣ ኑሯቸውን በንግድ ላይ አቆሙ፤ ከምጽዋና ከዘይላ የሚወጣው የቅፍለት መንገድም የነሱ ሆነ። ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን መጥቶ በደቡብ ትግራይ ማንደለይ የምትባል የገበያ ከተማ ገብቶ ነበር። እዚያ ያያቸውን ሙስሊም ነጋዴዎች ሲቆጥር ከጅዳ፣ ከካይሮ፣ ከሆርሙዝ፣ ከሕንድም የመጡ ይላል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ትግራይ ውስጥ የሕንድ ሙስሊም ቁጭ ብሎ ሲገበያይ አስቡት።

ኋላም ይኸው ቀጠለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሕንድ ቦህራ ሙስሊሞች ንብረት የሆነው የመሐመድ አሊ ኩባንያ በሐረርና በአዲስ አበባ ትልቁ የንግድ ቤት ሆነ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ግመሉ የሚሸከመውን ፉርጎ ተሸከመው። ጣሊያን ሲመጣ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1937 አባረረው፤ የአራዳን ገበያም ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው። የኮልፌ ልጆች ከቤታቸው በእግር የሚደርሱበት በርበሬ ተራ እዚያው ነው። በጆንያ የምታዩት እርድ ግን ዛሬ በመርከብ የመጣ ብቻ አይደለም። ከየኪ፣ ከሸኮና ከአካባቢውም ይመጣል። ገበሬው ቆፍሮ ያወጣውን ሥር ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ልጣጩን አሽቶ ይልከዋል። ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም የምርምር ማዕከልም አለ።

እንግዲህ እርዱ የኛ ሆኗል። በወተት መጠጣቱስ? እውነቱን እንናገር፤ የአያቶቻችን መጠጥ አይደለም። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ «እርድ ለአልጫ ነው እንጂ!» ነበር ያለችው። በእኛ ማዕድ እርድ ቦታው አልጫ ወጥ ነው፤ ቅቤ ሲነጠርም ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር የሚጨምር አለ። በቅቤ ማድረጋቸው እውቀት ነው፤ ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ ቢጫ ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ነው የሚሟሟው። ትኩስ ወተትን ከሌላ ነገር አፍልቶ መጠጣትም ለኛ እንግዳ አይደለም። ሐረሪዎች የቡና ቅጠል ወይም ገለባ ከወተት ጋር አፍልተው ሆጃ ይጠጣሉ። የሶማሌ ወገኖቻችንን ቅመም ያለው የወተት ሻይ ያልቀመሰ እንግዳ የለም። እርድ በወተት ግን ከሕንድ ቤት ነው፤ ሃልዲ ዱድ ይሉታል፣ ልጅ ሲያስነጥስ እናት የምታፈላው።

ፈረንጆች ቆየት ብለው «ወርቃማ ወተት» ብለው አገኙት። ጉግል በአሜሪካ እርድን የሚፈልጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2015 እስከ ጥር 2016 ብቻ በ56 በመቶ እንደጨመሩ አስታውቆ ነበር። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች እርድ ቁስል ላይ ማድረግን እንደ አዲስ ግኝት የፓተንት ባለቤትነት አስመዝግበው ነበር። ሕንዶች ዝም አላሉም። የሳይንስ ምክር ቤታቸው ጥንታዊ የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 የታተመ የሕክምና ጽሑፍ አቅርቦ ተከራከረ፤ ፓተንቱ በ1997 ተሰረዘ። የአያት እውቀት በጽሑፍ ስለነበር ዳነ። እኛም በጤፍ ጉዳይ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር ያየነውን አልረሳነውም።

«ያድናል» የሚለውስ? በ1998 የታተመ የሕንድ ጥናት ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ፒፐሪን ሲጨመር ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን ሃያ እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ቁንዶ በርበሬው የገባበት ምክንያት ይህ ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያሞቃል፣ እንቅልፍ ይጋብዛል። ቲቢን አይገድልም። ካንሰርን ያድናል የሚል የተረጋገጠ ነገርም የለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ እርድ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሌላም ነገር አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች እርዱ ደማቅ እንዲመስል ሊድ ክሮሜት የሚባል መርዛማ የቀለም ዱቄት ይጨምሩበት እንደነበር በ2019 የወጣ ጥናት አጋለጠ። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። በዚያ ዓመት ከገበያ ከተወሰዱ ናሙናዎች 47 በመቶው ሊድ ነበረበት፤ መንግሥት ገበያውን ፈትሾ አጥፊዎቹን ሲቀጣ በ2021 ዜሮ ሆነ። በሁለት ዓመት! በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ተጨመረ የሚል ዜና ለምንሰማ ለኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሙስሊሙ ዓለም ለዚህ ሥራ ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ነበረው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች በጻፈው መመሪያ ውስጥ የወተት መፈተሻ ሳይቀር አለ፤ ፀጉር ነክረህ አውጣ፣ ወተት ካልያዘ ውሃ ገብቶበታል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን እናቷ ወተቱን በውሃ አብዢው ስትላት «ዑመር ባያይ የዑመር ጌታ ያያል» ብላ እምቢ ስላለችው ልጅ የሚተረከውንም ታውቁታላችሁ። ዑመር ለልጃቸው ለዓሲም አጋቧት፤ ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ከዘሯ ተገኙ ይባላል።

እናቴ ዱቄቱን አትገዛም። ደረቁን ሥር ከመርካቶ ገዝታ፣ አጥባ፣ አድርቃ ወፍጮ ቤት ታስፈጨዋለች። አሠራሯ ይኸው። ሩብ ኩባያ ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ቀጥቅጣ፣ ከአንድ ስንጥር ቀረፋና ከተፈነከተች አንድ ኮረሪማ ጋር ታፈላለች። ጥሬ ዝንጅብል ሳይፈላ ለብ ያለ ወተት ውስጥ ከገባ ወተቱን ይቋጥረዋል፤ ስለዚህ ውሃው ይቅደም። ከዚያ አንድ ኩባያ ወተት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ቆንጥር ቁንዶ በርበሬ። የላም ባለቤት ያመጣላችሁ ጥሬ ወተት ከሆነ በደንብ ይንተክተክ። አጥልላ፣ ለብ ሲል ማሩን ትጨምራለች። ከሩብ ማንኪያ ካለፈ ይመራል፣ አፈር አፈር ይላል።

ያ ጓደኛችን የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሷል፣ አልሐምዱሊላህ። እህቱም ተመርምራ ነጻ ሆናለች። ባለፈው ዒድ ቤታችን መጥቶ እናቴ ይህንኑ ብትቀዳለት ኩባያውን ትኩር ብሎ አይቶ «እማ፣ ለኔ ሻይ አድርጊልኝ» አላት።